ከአዲስ አበባ መሀል እስከ ቢሾፍቱ ዋተር ፓርክ፦ ልጆችን ይዞ ውሎ ለመመለስ ዝርዝር መመሪያ

ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስም ሆነ ከሜክሲኮ ብትነሱ ቢሾፍቱ ያለው የኩሪፍቱ ዋተር ፓርክ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ጠዋት ወጥቶ ለራት ቤት መድረስ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚልም አየሩ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይሞቃል፤ እዚህ ሹራብ የሚያስለብስ ቀን እዚያ ውሃ ያስገባል።

ይህን ቀን ቤተሰብ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ በሦስት ነገር ነው። አርፍዶ ይነሳል፣ ምሳ ያዘገያል፣ ውሃው ዳር ደግሞ ልጆቹን ማን እያየ እንደሆነ ሳይነጋገር ይቀራል። ሁለቱ ቀኑን ያበላሻሉ፤ ሦስተኛው ግን ልጅ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ። በቶሎ ማንበብ የምትፈልጉ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ስለ ተረኛው፣ ማለትም በየተራ ልጆቹን ስለሚጠብቀው ሰው፣ የተጻፈውን አንብቡ።

ቀኑን መምረጥ

ትምህርት ተዘግቶ ሥራ ያለበት ቀን ካገኛችሁ ከሁሉ ይሻላል፤ የግማሽ ዓመቱ እረፍት ለዚህ ይመቻል። ካልሆነ ቅዳሜ ከእሑድ ይመረጣል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚመጣው ሰው ከ6 ሰዓት በኋላ አንድ ላይ ይደርሳል፤ ገንዳውም ሸርተቴውም የሚጨናነቀው ያኔ ነው። ለልጅ አደገኛው ውሃ ደግሞ ጥልቁ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሞላበትም ነው፣ አንዱ ሌላውን ይጋርዳልና።

ከወራት ጥቅምትና ኅዳር ሰማያቸው የጠራ ነው። ታኅሣሥና ጥር ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ስለሚበርድ ውሃው እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ ያንቀጠቅጣል፤ ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ዘግየት ብላችሁ አስገቧቸው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ጥሩ ነው፣ ግን የበልጉ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ ይመጣል። ክረምቱን ተዉት። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ የሆራ አርሰዲ ኢሬቻ በሚከበርበት ሰሞን ቢሾፍቱም መንገዱም በሕዝብ ይሞላል፤ ለበዓሉ ካልሆነ በቀር ለመዋኘት አትሂዱ።

ጾሙንም አስቡበት። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ትልልቆቹ ምግብና ውሃ ሳይቀምሱ ፀሐይ ላይ ከዋሉ ማዞር ይመጣል። የጾመ ሰው ጥላ ሥር ዕቃ ሊጠብቅ ይችላል፤ ልጅ ይዞ ውሃ ውስጥ መቆም ግን የለበትም። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም ምግብ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከሁለት ቀን በፊት መደወል

ዋጋም ደንብም ስለሚለዋወጥ ጎረቤት የነገራችሁን ይዛችሁ አትውጡ። ስትደውሉ እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁ፦

- በዚያ ቀን ክፍት ነው? ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ስንት ሰዓት ይዘጋል?
- የልጅ ዋጋ የሚወሰነው በዕድሜ ነው በቁመት? የበዓልና የሰንበት ዋጋ ይለያል?
- መግቢያው ምሳን፣ ሎከርንና ከለመዳሪን ያጠቃልላል ወይስ ለየብቻ ይከፈላል?
- ምግብና ውሃ ይዞ መግባት ይፈቀዳል? ለሕፃን ምግብስ?
- የማዕበል ገንዳውና ትልልቆቹ ሸርተቴዎች በዚያ ቀን ይሠራሉ?
- ላይፍ ጃኬት በልጅ ልክ አለ?
- ሰውነት የሚሸፍን ልብስ ለብሶ መግባት ይቻላል? ከምን ጨርቅ የተሠራ?

ስለ ልብሱ የሚጠየቀው ብዙ እናቶችን ይመለከታል። ናይለን ወይም ፖሊስተር የሆነ ረጅም እጅጌና ታይት ውሃ ስለማይዝ ለመዋኛ ይሆናል። ጥጥና ጂንስ ግን ሲረጥብ ይከብዳል፤ ከልጅ ኋላ ሊያሮጣችሁ ቀርቶ እናንተንም ወደ ታች ይጎትታል።

እግረ መንገዳችሁን የልጆቹን ቁመት ግድግዳ ላይ ለኩ። ለትልልቅ ሸርተቴ ብዙ ቦታ የሚጠየቀው 120 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። 114 የሆነ ልጅ ይህን ቤቱ ሳለ ቢያውቅ ይሻለዋል፤ ደረጃውን ወጥቶ፣ ተሰልፎ፣ ጫፍ ላይ ሲመለስ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያኮርፍ ይውላል።

ልጆቹን ከውሃ ማስተዋወቅ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍልውሃ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት ፍልውሃው አጠገብ ነበር። ያም ሆኖ አብዛኛው የከተማችን ልጅ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ ሳይቆም ያድጋል፤ ብዙ ወላጅም መዋኘት አይችልም። ዋተር ፓርክ የመጀመሪያው ውሃ መሆን የለበትም።

ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት መሀል ከተማ ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ መዋኛ ውሰዷቸው። ዋና ባይለምዱም ሦስት ነገር ይቻሉ። ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ከትተው በአፍንጫቸው አየር ማውጣት፤ በጀርባቸው ተዘርግተው መንሳፈፍ፤ ሲደናገጡ ወደ ግድግዳው ዞረው ጠርዙን መያዝ። በጀርባ መንሳፈፍ የቻለ ልጅ አፍና አፍንጫው ከውሃ በላይ ስለሚሆን ሰው እስኪደርስለት ጊዜ ያገኛል። ቤት ውስጥ በሳፋ ውሃም ቢሆን የመጀመሪያውን ማለማመድ ይቻላል፣ አጠገቡ እስካላችሁ ድረስ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካለ ጉዞውን አስተላልፉ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተውሳክ ክሎሪን (የገንዳ ማጽጃ ኬሚካል) ባለበት ውሃ ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ በዚህ ተውሳክ የታመመ ልጅ ተቅማጡ ካቆመ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከመዋኛ መራቅ አለበት። የእናንተ ልጅ ቢድን እንኳ የሌላውን ያሳምማል።

ቦርሳውን ማዘጋጀት

ቦርሳው ማታ ይዘጋጅ። ጠዋት ላይ የዋና ልብስ የሚፈልግ ቤት ከ3 ሰዓት በፊት አይወጣም።

የልጆቹ የዋና ልብስ ቀለሙ ደማቅ ይሁን፦ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሰማያዊና ነጭ ልብስ ውሃ ሥር ሲገባ አይታይም፤ ገንዳው ራሱ ሰማያዊ ነውና። ልብስ ስትገዙ፣ ከመርካቶም ይሁን ከሰልባጅ፣ ከውበቱ በፊት ይህን እዩ። ከሰልባጅ ከሆነ ላስቲኩ አለመላላቱን ሳቡና ፈትሹ።

ላይፍ ጃኬት ካላችሁ ያዙ። ክንድ ላይ የሚጠለቀው የሚነፋ ፊኛ መጫወቻ ነው፤ ይሾልካል፣ ይተነፍሳል፣ ከሁሉም በላይ ወላጁን ያዘናጋል። ጃኬቱን አልብሳችሁ ትከሻው ላይ ያዙና ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጩን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታል ማለት ነው።

ሰንስክሪንን፣ ከፀሐይ የሚከላከለውን ክሬም፣ የፈረንጅ ዕቃ አድርጎ የሚያይ ሰው አሁንም ብዙ ነው። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጎጂው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ቢሾፍቱ ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ሆና ነው ያለችው። ኤስፒኤፍ (SPF፣ የክሬሙ የመከላከል መጠን) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ከመግባታችሁ 20 ደቂቃ በፊት ፊት፣ ጆሮ፣ ማጅራትና የእግር ጣቶች ላይ ቀቡ፤ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ድገሙ። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ግን ክሬም አይቀባም፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ነው።

ፀጉር ለልጃገረዶች ትልቅ ጉዳይ ነው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ከመግባቷ በፊት ፀጉሯ በንጹሕ ውሃ ይርጠብ፣ ከዚያ ኮንዲሽነር ወይም የኮኮናት ዘይት ይቀባ፣ ኮፍያውም በላዩ ይደረግ። ቀድሞ ንጹሕ ውሃ የጠጣ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙም አይመጥም። በጉዞው ዋዜማ አዲስ ሹሩባ አታሠሩ፤ ገና የተጎተተ የራስ ቆዳ ላይ ፀሐይና ክሎሪን ሲጨመር ያማል።

የቀረውን በአጭሩ፦ ለያንዳንዱ ሰው ፎጣና ነጠላ ጫማ፣ አንድ ጋቢ፣ ደረቅ ቅያሪ እስከ ውስጥ ልብስ ድረስ፣ እርጥብ ልብስ የሚከተትበት ላስቲክ፣ ፕላስተር፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ጥቂት ጥሬ ብር (ቴሌብር ቢኖራችሁም ባትሪ ያልቃል)። ዳይፐር ለሚያደርግ ልጅ ለዋና የተሠራውን ፈልጉ፤ ተራው ዳይፐር ውሃ ጠጥቶ ይተነፋና ይቀደዳል። ወርቅ ቤት ይቅር። ልጁ ማተብ ካሰረና መስቀሉ ረዘም ብሎ የሚንጠለጠል ከሆነ አሳጥራችሁ እሰሩለት፤ ሸርተቴ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ይያዝና አንገት ያንቃል።

መንገዱ

ነዳጅ ከቀኑ በፊት ይሞላ። ጠዋት ማደያ ሰልፍ ላይ የሚያልፈው ሰዓት ልጆቹ ገንዳውን ባዶውን የሚያገኙበት ሰዓት ነው።

በራሳችሁ መኪና ከሆነ ከቤት መውጫው 1 ሰዓት፣ ቢዘገይ 1 ሰዓት ተኩል ይሁን። ከመስቀል አደባባይ በጎተራና በሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ አዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ትገባላችሁ። በቦሌ በኩል ላላችሁ በጎሮ ዞሮ ቱሉ ዲምቱ መድረስም ይቻላል። ስትገቡ የሚሰጣችሁን ካርድ አትጣሉ፤ የምትከፍሉት ስትወጡ፣ በተጓዛችሁት ርቀት ልክ ነው። የድሮው መንገድ በአቃቂና በዱከም የሚያልፈው ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ግን ከባድ መኪናውም ባጃጁም እግረኛውም ያለው እዚያ ነው። ልጆች ከኋላ ለጫነ ሰው የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ተገቢ ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀበቶ ይታሰር፣ ጭን ላይ የተቀመጠ ልጅም አይኑር።

መኪና ከሌላችሁ ከለገሃር ወይም ከስታዲየም በባቡር ወይም በታክሲ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ ደግሞ «ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!» የሚባልበትን ሚኒባስ ትይዛላችሁ። ከተማ ስትደርሱ ባጃጅ እስከ በሩ ያደርሳችኋል፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋ ተስማሙ። ቤተሰቡ ከስድስት ሰው በላይ ከሆነ ከዘመድ ጋር ተዋጥቶ ሙሉ ሚኒባስ ለቀኑ መከራየት ከሚታሰበው በታች ይወጣል፤ ማታ የደከሙ ልጆችን ይዞ ተራ መጠበቅም ይቀራል።

ቁርስ ቀለል ይበል፦ ዳቦ በማር፣ ሙዝ፣ ሻይ። ቅቤ የበዛበት ፍርፍር መንገድ ላይ የሚያቅለሸልሸውን ልጅ ይጥለዋል።

እንደ ገባችሁ

ከውሃው በፊት ጥላ ያዙ። ከልጆች ገንዳ የሚታይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱም የማይርቅ ይሁን። አያት አብረው ከመጡ ጥላው የእሳቸው ነው፤ ፎጣውን፣ ጋቢውንና ስልኩን ይጠብቃሉ፣ የጠፋ ልጅም የሚመለሰው ወደ እሳቸው ነው። ለልጆቹ ይህን አሳዩአቸው፦ «ብትጠፋ እማማ ጋ ትመጣለህ፤ ካላገኘሃቸው ፊሽካ ያንጠለጠለውን ሰው ትይዛለህ።» የአንዱን ወላጅ ስልክ ቁጥር በእስክሪብቶ ክንዳቸው ላይ ጻፉ፣ በላዩ ቫዝሊን ቀቡበት፤ ቶሎ አይለቅም።

ከዚያ ሁሉም ሻወር ይውሰድ፣ ሽንት ቤትም ይግባ። ዓይን የሚያቃጥለውና በኃይል የሚሸተው ክሎሪኑ ራሱ አይመስላችሁ፤ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ነገር ነው። በየሰዓቱ ልጆቹን «ና ሽንት ቤት» እያሉ ማውጣት ለእነሱም እረፍት ይሆናል።

ተረኛው

የእኛ ቤተሰብ ሲንቀሳቀስ ብዙ ነው። አባት፣ እናት፣ አክስት፣ አጎት፣ የአክስት ልጅ፣ አንዳንዴ ጎረቤት። ዐሥር ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ልጅ ይሰምጣል ብሎ ማንም አያስብም። አደጋው ግን እዚያው ነው፤ እናት አባትየው ያያል ትላለች፣ አባት አክስትየው አጠገባቸው ናት ይላል፣ አክስት ደግሞ ለአፍታ ፎጣ ልታመጣ ሄዳለች።

መስጠም ድምፅ የለውም። እንደምናስበው ልጁ አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ አፉ ውሃው ወለል ላይ ብቅ ጥልቅ ሲል ለመተንፈስ እንጂ ለመጣራት ጊዜ የለውም። ክንዶቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ይጫናሉ፣ ራሱ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሩቅ ላየው የሚጫወት ይመስላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል፤ ሻይ ለማዘዝ ዞር ማለት በቂ ነው።

ስለዚህ ተረኛ ይሰየም። አንድ ሰው ለ20 ደቂቃ ሌላ ሥራ የለውም፤ አይበላም፣ አያወራም፣ ፎቶ አያነሳም፣ ስልኩ ጥላው ሥር ነው። ተረኛ መሆኑ እንዲታወቅ አንድ ቀይ ኮፍያ ያድርግ። ሰዓቱ ሲደርስ ኮፍያውን ለሚቀጥለው ሰው በእጁ ሰጥቶ፣ ስም ጠርቶ ያስረክባል፦ «አሁን አንቺ ነሽ፤ ሦስቱም ትንሹ ገንዳ ውስጥ ናቸው።» ሌላው «እሺ፣ አየኋቸው» ሳይል የቀድሞው ተረኛ ከቦታው አይነሳም።

የተረኞቹን ተራ ከቤት ሳትወጡ ጨርሱት። በእኛ ባህል ታላቅን ሰው ውሃ ዳር «ጋሼ፣ ስልኩን ያስቀምጡ» ማለት ይከብዳል፤ ቤት ሳላችሁ «ጋሼ፣ ከምሳ በኋላ ያለው ተራ የእርስዎ ነው» ብላችሁ ከተስማማችሁ ግን ማንም አይቀየምም። እንዲያውም ታላቆች አደራ ሲሰጣቸው ከወጣቱ በላይ ይጠብቃሉ።

መዋኘት የማይችል ልጅ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለም ሁሉ፣ ከተረኛው በተጨማሪ ራሱን የቻለ ሰው አብሮት ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ርቀታቸው እጅ ዘርግቶ ከሚነካበት አይበልጥም። ውሃው ጉልበት ድረስ ቢሆንም ይኸው ነው። ላይፍ ጋርዱ (የገንዳው ጠባቂ) በመቶ የሚቆጠር ሰው ነው የሚያየው፤ እሱ መጨረሻ የሚደርስላችሁ እንጂ የልጃችሁ ሞግዚት አይደለም። ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ 12 ዓመትም ቢሞላቸው፣ ተረኛ አይሆኑም። እነሱም ሊጫወቱ ነው የመጡት፤ እንዲህ ያለ ሸክምም ልጅ ትከሻ ላይ አይጫንም።

ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይህን ይወቁ። ልጅ ከውሃ ወጥቶ የማይተነፍስ ከሆነ ላይፍ ጋርዱን ጥሩ፣ ሌላ ሰው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። ልጁን በእግሩ ዘቅዝቆ ማራገፍም ሆድ መጫንም አይገባም፤ ብዙ ሰው ሲደናገጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ግን ጊዜ ከማጥፋትና ትውከቱን ወደ ሳንባ ከማስገባት በቀር አይረዳም። በጀርባው ጠንካራ መሬት ላይ አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ ደረቱ ከፍ እስኪል 5 ጊዜ በአፉ ተንፍሱለት። ካልነቃ ደረቱን መሀል ላይ 30 ጊዜ ጫኑ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት፤ ከዚያ 2 ትንፋሽ፤ ባለሙያ እስኪረከባችሁ ድረስ አታቁሙ። በመስጠም የቆመ ልብ መጀመሪያ የተራበው አየር ስለሆነ ትንፋሹ አይዘለል።

ገንዳዎቹና ሸርተቴዎቹ

ረፋዱ ላይ ትልልቆቹን ሸርተቴዎች ጨርሱ፤ ሰልፉ አጭር የሚሆነው ያኔ ነው። አወራረዱ በጀርባ ተኝቶ፣ እግር ወደፊት፣ ቁርጭምጭሚት ተጠላልፎ፣ እጆች ደረት ላይ ተጣምረው ነው። በደረት ወይም በራስ መውረድ የለም። ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ መውረድ ደግነት ይመስላል፤ የልጁ እግር ጠርዝ ሲይዝ ግን የትልቁ ሰው ክብደት ከኋላ ይገፋዋልና አጥንት የሚሰበረው እንዲህ ነው። ታች ሲደርስ ወዲያው ወደ ጎን ይውጣ። አንዱ ወላጅ ታች ሆኖ ይቀበል፣ ሌላው ከላይ ያሰልፍ።

የማዕበል ገንዳው ሲጀምር ረጋ ያለ ነው፣ ማዕበሉ ሲለቀቅ ወገብ ድረስ የነበረው ውሃ ደረት ይደርሳል። ትንሽ ልጅ የያዘ ሰው ወደ ጥልቁ ጎን ጀርባውን ሰጥቶ፣ ልጁን ወደ ዳርቻው በኩል አድርጎ ይቁም፤ ማዕበሉ መጀመሪያ የሚመታው ትልቁን ይሆናል። መሰላልና ግድግዳ አጠገብ አትቁሙ፤ ሰው የሚጋጨው እዚያ ነው።

በከለመዳሪ የሚንሳፈፉበት ወንዝ ለአያትም ለሕፃንም ይመቻል። ከዚህ የተነሳ ሁሉም ዘና ይላል፤ ትንሽ ልጅ ግን በከለመዳሪው ቀዳዳ ሾልኮ ይወርዳል፣ ከላይ ሌሎች ጎማዎች ይዘጉበታል። እዚያም ላይፍ ጃኬት ይልበስ።

ነጎድጓድ ከተሰማ፣ ዝናብ ባይኖርም፣ ሁሉም ይውጣ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍ መመለስ የለም። ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የሚንቀጠቀጥ ልጅም «አልበረደኝም» ቢል አትስሙት፤ ፎጣ፣ በላዩ ጋቢ፣ ሞቅ ያለ ሻይ።

ምሳና ከሰዓት

ምሳ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን። ቀደመ ብላችሁ አትስጉ፤ ውሃ ልጅን ቶሎ ያስርባል፣ 7 ሰዓት ላይ ደግሞ ወጥ ቤቱም ወንበሩም የተያዘ ነው። ለልጆች ሽሮ፣ ፓስታ ወይም ሩዝ ይበቃል፤ ጥብሱና ክትፎው ለትልልቆቹ ይቆይ። ተረኛ ጠባቂ እስከ መጨረሻው ድረስ መጠጥ አይቀምስም፤ ሹፌሩም እንዲሁ።

ከምሳ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ልጆቹ ጥላ ሥር ይቆዩ። ሆድ ሞልቶ መዋኘት ያሰጥማል የሚባለውን ፈርቼ አይደለም፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያለው ፀሐይ የቀኑ ክፉ ስለሆነና የደከመ ልጅ አደጋ ስለሚያበዛ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ልጅ ላቡ አይታወቀውም፤ ጥም ባይሰማውም በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጉንጭ አጠጡት።

መውጫው

9 ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻውን ጥሪ አድርጉ፣ 10 ሰዓት ላይ መንገድ ጀምሩ። ከ11 ሰዓት በኋላ ወደ ከተማ የሚገባው መኪና ቃሊቲና ሳሪስ ላይ ይጠራቀማል። ልጆቹን አስቀድማችሁ «ሁለት ጊዜ ወርዳችሁ እንሄዳለን» ብትሏቸው ልቅሶው ይቀንሳል።

ከመውጣታችሁ በፊት በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ፀጉርም ይለቅለቅ። ጆሮ የገባውን ውሃ ለማውጣት ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብሉ፣ ጆሮውን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሳቡ፤ በእንጨት የተጠቀለለ ጥጥም ሆነ ዘይት አታስገቡ። መኪና ላይ ስትወጡ ልጆቹን በስም ቁጠሩ።

ማታ ቤት ስትደርሱ ልጆቹ ደክመው ወዲያው ይተኛሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ቀን ውሃ አንቆት የነበረ ልጅ ካለ ግን ለብቻው ተከታተሉት። ሳሉ ካልተወው፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ጎኑ ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ስትቀሰቅሱት በደንብ የማይነቃ ከሆነ እስከ ነገ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሕፃናት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት፣ ለሐኪሙም ውሃ ውስጥ የሆነውን ከነሰዓቱ ንገሩ።